የተጣበቀ የዘይት ፊልትሮ አፈታት፦ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች

አዲሱ ዘይት ተገዝቷል። ፊልትሮውም ተገዝቷል። ኮፈኑ ተከፍቶ እጅጌ ተሰብስቧል። አሮጌው ፊልትሮ ግን ወይ ፍንክች! ዲኤክስ ኮሮላ፣ ላዳ፣ የድሮ ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ የያዘ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል።

የተጣበቀ ፊልትሮ በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ ይፈታል፤ ስለዚህ አትሸበሩ። የሚያስጨንቀው ሲፈታ አብሮት የሚጎዳው ነገር ነው። ፊልትሮው ራሱ የሚጣል ዕቃ ስለሆነ ቢጨማደድም ቢበሳም ግድ የለም። ሞተሩ ላይ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ግን ውድ ናቸው። አንደኛው የፊልትሮው ጎማ የሚያርፍበት የተላገ ልሙጥ መቀመጫ ነው። ሁለተኛው ፊልትሮው የሚጠመድበት ባለጥርስ አጭር ቧንቧ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከጠበቃችሁ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ስለዚህ በለስላሳው ዘዴ እንጀምራለን፤ ካቻቢቴና መዶሻ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው።

ለምን ይጣበቃል?

ፊልትሮው ከውጭ ሲታይ አንድ ቆርቆሮ ይመስላል። የተሠራው ግን ከሁለት ዓይነት ብረት ነው። ጎኑ በጣም ስስ ነው፤ ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ይጨማደዳል። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው አፉ ደግሞ ወፍራም ሳህን አለው፤ ጥርሱም ያለው እሱ ላይ ነው። በሳህኑ ዙሪያ የጎማ ቀለበት ተቀምጧል። ዘይት እንዳይወጣ የሚያደርገው ይህ ጎማ ነው፤ አልፈታ የሚለውም እሱ ነው።

ጎማው ዘይት ሳይቀባ በደረቁ ከታሰረ ብረቱን ነክሶ ይይዛል። ከዚያ የሞተሩ ሙቀት ወራት ሙሉ ያበስለዋል፤ ይደርቃል፤ ይለጠፋል። የመቀየሪያ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ይብሳል። በዚህ ላይ ፊልትሮውን ያሰረው ሰው በእጁ ማሰር ሲገባው በቁልፍ ግጥም አድርጎት ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ካወቅን ሁለት ነገር ይገባናል። አንደኛ፣ ጉልበታችን ማረፍ ያለበት ወፍራሙ ሳህን አጠገብ ነው። ጫፉን ብንጠመዝዝ ስሱ ቆርቆሮ ይጣመማል እንጂ ሳህኑ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛ፣ ዝገት የሚያላቅቁ እንደ ደብሊው ዲ 40 ያሉ ርጭቶች እዚህ ብዙ አይረዱም። የያዘን የተጣበቀ ጎማ ነው፤ ጥርሱ እንደሆነ በዘይት ውስጥ ስለሚኖር ብዙ ጊዜ አይዝግም። ርጭቱ ፊልትሮውን አሟልጮ እጃችንን ያንሸራትተዋል፤ ትርፉ ያ ብቻ ነው።

ሳትጀምሩ አዲሱን ፊልትሮ በደንብ እዩት

አዲሱ ፊልትሮ እጃችሁ ላይ ሳይኖር አሮጌውን አትንኩ። አሮጌው ከተበሳ ወይም ከተቀደደ መኪናው ከቆመበት አይነሳም። እሁድ ከሰዓት ሱቅ ሁሉ ዘግቶ ከሆነ ደግሞ እዚያው ያድራል።

ሌላም ነገር አለ። መርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ሰፈራችሁ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ፣ ሻጩ «ይሄም ይሆናል» ካላችሁ በቃል አትመኑ። የብዙ ቶዮታዎችና የላዳ ፊልትሮ ባለጥርስ ቀዳዳ 3/4 ኢንች ስፋት አለው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ ነው። ብዙ ኒሳን፣ ሆንዳና ሃዩንዳይ ደግሞ 20 ሚሊሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ያለውን ይጠቀማሉ። 3/4 ኢንች ማለት 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ባለ 20 ሚሊሜትሩ ፊልትሮ በቶዮታው ቧንቧ ላይ ላላ ብሎ ሊገባና የታሰረ ሊመስል ይችላል። ሞተሩ ተነስቶ የዘይት ግፊት ሲመጣ ግን ጥርሱ አይችለውም፤ ዘይቱ ይረጫል። የፊልትሮውን ቁጥር ከመኪናችሁ ሞተር ጋር አስተያዩ። የጎማውን ቀለበት ስፋትም ከአሮጌው ጋር ለኩት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ጓንት፣ ጨርቅ፣ የዘይት መቀበያ ሳፋ፣ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ የፊልትሮ ቁልፍ። የፊልትሮ ቁልፍ በየዓይነቱ አለ። ባለ ቀበቶ፣ ባለ ሰንሰለት፣ ባለ ሦስት ጥፍር፣ እንዲሁም የፊልትሮው ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቅ አለ። አንድ ብቻ ለመግዛት ከሆነ ለአሮጌ መኪና እኔ የምመርጠው ባለ ሰንሰለቱን ወይም ባለ ብረት ቀበቶውን ነው። የቆቡ ዓይነት ልኩ በትክክል ካልገጠመ ይሽከረከራል፤ የሚይዘውም ጫፉን ነው።

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ከሥር መግባት ካለባችሁ ጠንካራ የብረት ድጋፍ አስቀምጡ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። ክሪክ ያንሸራትታል፤ ሰው ይሞታል።

ሞተሩን ትንሽ አሙቁት፤ ዘይቱን ግን ገና አታፍስሱ

ማርሹን አውጥታችሁ ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አስነሱትና አጥፉት፤ ከዚያ ማርሹን መልሳችሁ አስገቡ። ለብ ያለ ሞተር ጎማውን ያለሰልሳል፤ ዘይቱንም ያቀጥናል። ረጅም መንገድ ተነድቶ የመጣ መኪና ከሆነ ግን እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በደንብ የሞቀ የሞተር ዘይት ከ90 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳ ይልጣል። የጭስ ማውጫውም ፊልትሮው አጠገብ ሊሆን ስለሚችል ክንዳችሁን ጠብቁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የተለመደው ቅደም ተከተል ዘይቱን አፍስሶ ወደ ፊልትሮው መሄድ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ግን ፊልትሮውን አስቀድማችሁ ላላ አድርጉት። ሙሉ በሙሉ አትፍቱት፤ ሩብ ዙር ያህል ከተንቀሳቀሰ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ዘይቱን አፍስሱና ፊልትሮውን ጨርሳችሁ ፍቱት። ጥቂት ዘይት ጠብ ጠብ ቢል ችግር የለውም፤ ሳፋውን ከሥር አድርጉ። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ፊልትሮው በእጅና በቁልፍ እንቢ ካለና መሣሪያ ፍለጋ መሄድ ካለባችሁ፣ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ እስካለና ፊልትሮው እስካልተጎዳ ድረስ መኪናውን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ ግን መኪናው ከቦታው አይነቃነቅም።

አቅጣጫውን አረጋግጡ

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ፊልትሮ የሚጠብቀው ሊፈታ ሲታሰብ ነው። የሚፈታው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ወደ ግራ ነው። ይህ ግን የፊልትሮውን የተዘጋ ጫፍ ፊት ለፊት እያያችሁ ሲሆን ነው። ከላይ በኮፈኑ በኩል እጃችሁን ሰዳችሁ ከጀርባው የምትይዙት ከሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። ጥርጣሬ ካለ አዲሱን ፊልትሮ አንሱና በዚያው አቀማመጥ አጠገቡ ይዛችሁ አስተያዩ።

አንድ ጥሩ ልማድ ልንገራችሁ። በቾክ ወይም በቀለም ከፊልትሮው አፍ ወደ ሞተሩ የሚሻገር አንድ መስመር አስምሩ። በምትጠመዝዙበት ጊዜ መስመሩ ከተሰበረ ፊልትሮው እየዞረ ነው። ቆርቆሮው ተጣሞ መስመሩ እንዳለ ከሆነ ግን የምትታገሉት ከቆርቆሮው ጋር ነው፤ ቁልፉን ወደ አፉ አስጠጉት።

ደረጃ 1፦ በእጅ

ፊልትሮውን በጨርቅና በሳሙና ውሃ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት።  ዘይት የነካው ፊልትሮ በእጅ አይያዝም። ከዚያ ሸካራውን ብርጭቆ ወረቀት አሸዋው ወደ ፊልትሮው ዞሮ ጠምጥሙት። በሁለት እጅ መያዝ ከተቻለ በሁለት እጅ ያዙ። በድንገት ከመበጠስ ይልቅ እየጨመራችሁ ግፉ፤ ለጥቂት ሰከንድ ጉልበቱን እዚያው ያዙት። ጎማ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ብዙው «አልፈታም አለ» የተባለ ፊልትሮ እዚህ ላይ ይለቃል።

ደረጃ 2፦ ቀበቶ ወይም አሮጌ ቺንጋ

የፊልትሮ ቁልፍ ከሌላችሁ የተጣለ የሞተር ቺንጋ ወይም ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጠንካራ ሪባን ይሠራል። ፊልትሮው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሙት። ሁለቱን ጫፎች በአንድ ብረት ዘንግ ላይ አስራችሁ ዘንጉን ወደሚፈታበት አቅጣጫ ጎትቱ። ጥምጥሙ በጎተታችሁት ቁጥር እየጠበቀ መሄድ አለበት። እየላላ ከሆነ የጠመጠማችሁት በተቃራኒው ነው፤ አዙሩት።

ደረጃ 3፦ የሰንሰለት ወይም የብረት ቀበቶ ቁልፍ

ቁልፉን ከሞተሩ ጋር እስኪጠጋ ወደ አፉ አስገቡት። ጣት የሚያህል ርቀት እንኳን ለውጥ ያመጣል። ከሥሩ ብርጭቆ ወረቀቱን ብታደርጉ አያንሸራትትም። እጀታው ሲጎተት እጃችሁ የት ሊያርፍ እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡ። ፊልትሮው ድንገት ሲለቅ እጅ የራዲያተር ማራገቢያ ወይም የሹል ብረት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ከተቻለ ግፉ ሳይሆን ጎትቱ።

እጀታውን በረጅም ቧንቧ ማስረዘም ይቻላል፤ ግን በልክ። ቆርቆሮው መጨማደድ ከጀመረ አቁሙ፤ ቁልፉን ሌላ ቦታ ላይ አስይዙ። ባለ ሦስት ጥፍር ካላችሁ እዚህ ላይ ሞክሩት። ጥፍሮቹ በተጎተቱ ቁጥር እየነከሱ ስለሚሄዱ ለተጨማደደ ፊልትሮ ጥሩ ናቸው።

የቧንቧ ሠራተኞች ትልቁ ባለጥርስ ቁልፍም ይፈታዋል። ቆርቆሮውን ይቀደዋል እንጂ ሞተሩን አይነካም። ቦታ ካለ ከካቻቢቴው በፊት እሱን እመርጣለሁ።

ደረጃ 4፦ ካቻቢቴና መዶሻ

ይህ መመለሻ የሌለው ደረጃ ነው። ፊልትሮው ከተበሳ በኋላ ሞተሩ አይነሳም። አዲሱ ፊልትሮና ዘይት አጠገባችሁ መኖሩን ዳግም አረጋግጡ። ዘይቱን አሁን አፍስሱት። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የማፍሰሻው ቡሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል። ላዳ ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባ ባለ ስድስት ጎን 12 ቁልፍ ያስፈልጋል።

ጠንካራና ረጅም ካቻቢቴ ያዙ። የምትበሱበት ቦታ ወሳኝ ነው። ባለጥርሱ ቧንቧ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ፊልትሮው መሐል ጥቂት ይገባል። አፉ ላይ በጣም ተጠግታችሁ ወደ መሐል ከመታችሁ ካቻቢቴው የቧንቧውን ጥርስ ይመታል፤ ያኔ ትልቅ ኪሳራ ነው። ጫፉ ላይ ከበሳችሁ ደግሞ ስሱ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ስለዚህ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ራቅ በሉ፤ ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ ከአንዱ ጎን አስገብታችሁ በሌላው አስወጡት። ከበስተጀርባ የሽቦ፣ የቱቦ ወይም የራዲያተር ጉዳይ እንደሌለ ተመልከቱ። ካቻቢቴው ሲወጣ የሚመታው ነገር ካለ ሌላ ቦታ ምረጡ።

ከዚያ ካቻቢቴውን እንደ እጀታ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቀዳዳው እየሰፋ ከሄደ አትቀጥሉ፤ ቆርቆሮው ሊቀደድ ነው። ዘጠና ዲግሪ ያህል ዞራችሁ ሌላ ቀዳዳ ብሱና እዚያ ሞክሩ።

ቆርቆሮው ተቀድዶ ሳህኑ ብቻ ከቀረ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። የውስጡ ወረቀት ተዘርግፏል፣ ዘይት ሁሉ ቦታ ፈሷል፣ ሞተሩ ላይ አንድ ክብ ብረት ተለጥፎ ቀርቷል። አይዟችሁ፤ አሁን በግልጽ ይታያችኋል፤ የሚይዝ ወፍራም ብረትም አግኝታችኋል።

በመጀመሪያ የቀረውን ቆርቆሮና ወረቀት በመቀስ ወይም በፒንሳ እየቆረጣችሁ አስወግዱ። የብረት ብናኝ ወደ መሐለኛው ቀዳዳ እንዳይገባ ጨርቅ ወትፉበት፤ በኋላም ጨርቁን ማውጣት አትርሱ። ሴጌቶ እዚህ ቦታ አልመክርም፤ ብናኙ የትም ይገባል።

የቀረው ሳህን ዙሪያውን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ዘይት የሚገባባቸው ናቸው። የጠንካራ ፒንሳ ሁለት ጫፎች ትይዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ከገቡ ፒንሳውን በካቻቢቴ ዘንግ ማዞር ይቻላል። ካልሆነ ትንሽ መሮ ያዙ። ጫፉን ሳህኑ ጠርዝ ላይ፣ ቆርቆሮው ታጥፎ የተገጠመበት ከንፈር ላይ አሳርፉት። ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደሚፈታበት አቅጣጫ አዘንብላችሁ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ኃይለኛ አንድ ምት አያስፈልግም፤ ትንንሽና ተደጋጋሚ ምት ነው የሚያላቅቀው። መስመሩን እያያችሁ ቀጥሉ። አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ በጣት ይፈታል።

መሮው አንድም ጊዜ የሞተሩን ልሙጥ መቀመጫ መንካት የለበትም። እዚያ ላይ የተጫረ ጥልቅ መስመር አዲሱን ጎማ ሁልጊዜ ያንጠባጥባል። በእሳት ማሞቅም ፈጽሞ አይሞከር። ዘይት የነካው ሞተር ሥር ነበልባል ማስገባት መኪናውን ማቃጠል ነው።

ባለጥርሱ ቧንቧ አብሮ ከወጣ

አንዳንዴ ቧንቧው ከሞተሩ ተፈቶ ከአሮጌው ፊልትሮ ጋር ይወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ግን ካላስተዋላችሁት አሮጌውን ፊልትሮ ከነቧንቧው ትጥሉታላችሁ። ቧንቧውን ከፊልትሮው አላቁ፣ ጥርሱን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጽዱ፣ በጥፍራችሁ እየዳሰሳችሁ የተላጠ ጥርስ እንዳለ እዩ። በብዙ መኪኖች ላይ የውስጡ ቀዳዳ ባለ ስድስት ጎን ስለሆነ በቁልፍ ተመልሶ ይታሰራል። ጥርሱ ከተላጠ አዲስ ወይም ደህና ያገለገለ ቧንቧ ግዙ፤ ዋጋው ከሞተር ጋር አይወዳደርም።

አሮጌው ጎማ የት አለ?

የወጣውን ፊልትሮ አንሱና አፉን እዩ። የጎማ ቀለበቱ እዚያው አለ? ከሌለ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል ማለት ነው። ከዘይትና ከቆሻሻ ጋር ጥቁር ሆኖ ስለሚመሳሰል በዓይን ላይለይ ይችላል። በጣታችሁ መቀመጫውን ዙሪያውን ዳስሱ። ካገኛችሁት በጥፍር ወይም በእንጨት ስንጥር አንሱት፤ በካቻቢቴ አትቧጥጡ።

ይህን ምርመራ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። አሮጌው ጎማ ላይ አዲሱ ተደርቦ ከታሰረ ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ከዚያ የዘይቱ ግፊት የላይኛውን ጎማ ይገፋና ዘይቱ በአንዴ ይወጣል። ዘይት አልባ ሞተር ለመንከስ፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ለመቆም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። የአንድ ጣት ዳሰሳ ሞተር ያድናል።

መቀመጫውን በንጹህ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ።

አዲሱ ሲታሰር

አዲሱን የጎማ ቀለበት በንጹህ ዘይት ቀቡት፤ ዙሪያውን ሁሉ እስኪያብለጨልጭ። የፊልትሮው አፍ ወደ ላይ የሚቆም ከሆነ ውስጡን በከፊል ዘይት ሙሉት፤ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል። በጣታችሁ ብቻ አዙራችሁ አስገቡት። መጀመሪያ ላይ ከከበደ ጥርሱ ተዛብቶ ገብቷል፤ አውጥታችሁ እንደገና።

ጎማው መቀመጫውን ሲነካ ይታወቃችኋል። ከዚያ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ፊልትሮው ራሱ ላይ ወይም ሣጥኑ ላይ የተጻፈ ሌላ ልክ ካለ እሱን ተከተሉ። በእጅ ነው የሚታሰረው። ቁልፍ የምትጠቀሙት እጅ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔም ዙሩን እየቆጠራችሁ። ፊልትሮው ላይ ቀኑንና ኪሎሜትሩን በቀለም ጻፉበት።

የማፍሰሻውን ቡሎን ከነሮንዴላው መልሳችሁ እሰሩ፤ ከተቻለ ሮንዴላው አዲስ ይሁን። ዘይቱን ሙሉ። ለአነስተኛ የቤት መኪና ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሊትር ይይዛል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው።

ማርሹን አውጥታችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ነዳጅ አትርገጡ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ከጠፋ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሠሩትና ከሥር በባትሪ መብራት እዩ። ፊልትሮው ዙሪያ ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት ነክታችሁ ንጹህ ከወጣ ይዟል። ሞተሩን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁና ዘይቱን ዳግም ለኩ፤ ፊልትሮው የጠጣውን ያህል ሙሉበት። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ከቆመበት ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት መሬቱን ተመልከቱ።

የተቃጠለውን ዘይት በጄሪካን አድርጋችሁ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ፤ ቱቦ ውስጥም ሆነ ግቢ ውስጥ አታፍስሱት። አሮጌውን ፊልትሮ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፉት፤ ውስጡ ገና ብዙ ዘይት አለ። እጃችሁንም በሳሙና በደንብ ታጠቡ፤ ያገለገለ የሞተር ዘይት በተደጋጋሚ ቆዳ ላይ ሲቆይ ጎጂ ነው።